የሻርክ ጉበት ለሾፌር ዓይን

ጉልበቴን ካመመኝ ከርሟል። እርጅና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የልጅ ልጄ ሐያት ግን ፋርማሲ ስለምትሠራ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ያለው ይመስላታል። ባለፈው ጁምዓ ከሥራ ስትመለስ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አመጣችልኝ፤ ውስጡ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ሞልቶበታል። «እማማ፣ የዓሣ ዘይት ነው፤ ዋጪው እንጂ እንዳታኝኪው» አለችኝ። እኔ ደግሞ አታድርጊ የተባልኩትን ካላደረግሁ አይሆንልኝም። በቀረችኝ ጥርስ ጫን አልኩት፣ ፈነዳ። ወላሂ እላችኋለሁ፣ ያ ሽታ አፌን ሲሞላው ደሴ ሆጤ ያለችው ቤቴ፣ ወንበሩ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ጠፋብኝ። መዳፌ ላይ ተፋሁት። ሐያት መድኃኒቱ ያልተስማማኝ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች። መድኃኒቱስ ምንም አላደረገኝ፤ ፈርቼ ነው። ሰው በዚህ ዕድሜው የዓሣ ሽታ ይፈራል? እኔ ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር፣ ከቦርከና ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ መንገድ ዳር ባለች ሁለት ክፍል ቤት። አንዷ ክፍል ማደሪያችን፣ አንዷ የልብስ ስፌት ቤቴ። ዘመኑ የካኪ ዘመን ነው። ካድሬው ካኪ፣ ዘበኛው ካኪ፣ ሙሽራው ሳይቀር ካኪ ኮት አሰፍቶ የሚያገባበት ጊዜ። ያንን ጨርቅ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ወፍራሙ ካኪ መርፌ ይሰብራል እንጂ አይቀደድም። ሴቱ አበባ የጣለበት የናይሎን ጉርድ ያሰፋል፣ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ራሱ ላይ ጉፍታ። ሻይና ፓስቲ በስሙኒ ይበላል። የሐርቡ ፓፓያ በሽልንግ ተገዝቶ ቤተሰብ ያጠግባል። ስኳሩ የቀበሌ ሰልፍ ነው፣ እሱን አታንሱብኝ። ዛሬ ኮምቦልቻ ብወርድ መንገዱ ይጠፋኛል፤ ፎቁ፣ ፋብሪካው፣ ባጃጁ መሐል ቤቴ የነበረችበትን ማዕዘን ስፈልግ ሰው ይስቅብኛል። ያኔ ግን የአሰብ መኪኖች በገቡ ቀን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሽርጥ ይመጣል፣ ተምር ይመጣል፣ የሩዝ ከረጢት፣ ካሴት የሚያጫውት ቴፕ ይመጣል። በአንዱ ሻይ ቤት መንዙማ፣ በጎረቤቱ የባቲ ቅኝት ይለቀቃል፣ ማንም ማንን ዝቅ አድርግ አይልም። የሾፌር ሚስቶች ደግሞ ልብስ ልናጥብ ወንዝ ስንወርድ የራሳችን ዘፈን ነበረችን፦

«ሾፌር ወድጄ፣ እንቅልፍ አጣሁኝ፤
እሱ አሰብ ወርዶ፣ እኔን አላበኝ።»

የእኔ ሾፌር እንድሪስ ይባላል። አላህ ይዘንለትና ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ሰው ነበር። የሚነዳው የመንግሥት ኤንትሬ ነው፣ ያ ትልቁ የጣሊያን ጭነት መኪና፣ ከነተሳቢው። ከአሰብ ወደብ እህል ጭኖ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይመጣል፤ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መጋዘን ያራግፋል። ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሐረጎ ላይ፣ ያ ሁሉ ገደል ባለበት ጥምዝ ላይ፣ በአንድ እጁ መሪ በሌላው ለውዝ ይዞ የሚነዳ ሰው ነው እያሉ ጓደኞቹ ሲያወሩ እኔ ጆሮዬን እይዝ ነበር።

የድርቁ ዓመት ነው ነገሩ የጀመረው። እንድሪስ ታሞ ሰንብቶ ከስቶ ነበር፤ መንገድ ላይም የሚበላው ደረቅ ማኮሮኒና ሻይ ብቻ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ሻይ ቀዳሁለት። እጁን ሲዘረጋ ብርጭቆውን ሳተና አየር ጨበጠ። ደግሞ ዘረጋ፣ ደግሞ ሳተ። ከዚያ ቀስ ብዬ ተነሳሁና መዳፌን ፊቱ ላይ አወዛወዝኩት። ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም።

«እንድሪስ፣ ምን ሆነሃል?»

«ደክሞኝ ነው።»

«የደከመው ሰው እጅ ያያል።»

ራሱን ወደ መሬት ደፋ። «ዳፍንት ነው ዘይነባ» አለኝ። «ቀን ደህና ነኝ። ጀምበር ስትጠልቅ ዓለም ይጠፋብኛል። መብራት ባበራም መብራቱ ያረፈበትን ቁራጭ መንገድ ነው የማየው፣ ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዳፍንት ምን እንደሆነ የማያውቅ ወሎዬ የለም፤ ቀን አይቶ ማታ የሚታወር ሰው በየሰፈሩ አለ። ግን ገበሬ ከሆነ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፣ በሬ ቢጎዳ እንጂ ሰው አይጎዳም። ይኼኛው ሾፌር ነው። ያኔ ደግሞ ሾፌር በራሱ ሰዓት አይነዳም፤ መኪኖቹ ወታደር እየጠበቃቸው በኮንቮይ ነው የሚሄዱት። ሂዱ ሲባል ይኬዳል፣ ቁሙ ሲባል ይቆማል፣ ሐረጎ ላይ መሽቶብኛል ብሎ ነገር የለም።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«የሐኪሙ ወረቀት መሥሪያ ቤት ይደርሳል። መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ከዚያ ምን ልንበላ ነው? መኪናዋ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«ገደል ብትገባስ?»

«ብሞት ተገላገልኩ። ሳልሞት እህሉን ብደፋው ነው ጉዱ። አሻጥር ነው የሚሉት።»

አሻጥር። ይህችን ቃል የዛሬ ልጆች ሲሰሙ ይስቃሉ። እኛ አንስቅም ነበር። ጨው የደበቀም አሻጥረኛ፣ ማሽን የተሰበረበትም አሻጥረኛ። በረሃብ ዓመት የመንግሥት እህል ገደል የከተተ ሾፌር ማታ አይታየኝም ነበር ቢል ማን ይሰማዋል? የዓይኑን ነገር ሰምቶ የሚነግርብን ሰው እንዳይኖር ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮት ዘግተን ነበር የምናወራው።

የዳፍንት መድኃኒት ጉበት ነው ይላሉ አባቶቻችን። የፍየል ጉበት ፈልጌ አበላሁት፤ ለጥቂት ቀን ቀለል አለው። ግን በዚያ ዓመት ከብቱም ፍየሉም አልቆ ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተው ነበር፤ የተገኘውም አጥንት ነው። ዓይኑ ተመልሶ ጠፋ። ይባስ ብሎ ምሥጢሩን ጠብቆ ማታ ማታ መንገድ ያይለት የነበረው ረዳቱ ለውትድርና ተጠርቶ ሄደ፣ ምትክም አልሰጡትም። ከእንግዲህ ማን አጠገቡ ተቀምጦ መንገድ ያይለታል? ልጆቻችንን ሐርቡ እናቱ ዘንድ አደረስኩና የስፌት ቤቴን ቆልፌ ጋቢና ገባሁ። ለሚጠይቅ ሁሉ «አሰብ ያለች እህቴን ልጠይቅ ነው» እላለሁ። እህት እንኳ የለኝም።

እንዲህ ሆኜ ነው የባሌ ዓይን የሆንኩት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ መንገዱን መናገር እጀምራለሁ። «ቀኝ… ቀኝ ያዝ… አሁን ቀጥ… ግራ እየታጠፈ ነው… እረፍ።» እረፍ ማለት ፍሬን ያዝ ማለት ነው። ለደንበኛ የልብስ ልኬት እንደምናገር፣ አንድ ሳላስረዝም አንድ ሳላሳጥር እናገራለሁ። እሱ «እሺ» እያለ መሪውን ያዞራል። ከጎማው ሥር ጠጠር እየተንሸራተተ ገደል ሲወርድ እሰማለሁ። ከታች ዛፉ ቅጠል አክሎ ይታየኛል። ልጆቼ ያለ እናት ያለ አባት ሲቀሩ፣ ሐርቡ ላይ ለእናቱ መርዶ ሲነገር፣ ሁሉ በዓይኔ ይመጣል። እሱ ግን አንዳንዴ ይዘፍናል። እላችኋለሁ፣ ያንጎራጉራል።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ጉዞ አሰብ ላይ ጋሽ ደምሴን አገኘነው። ጋሽ ደምሴ የደሴ ዙሪያ ሰው ነው፣ ክርስቲያን፣ ከእንድሪስ ጋር ድሮ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ አብረው የሠሩ። ወደብ ላይ ወዛደር ሆኖ አሰብ ከቀረ ቆይቷል። ፀሐይ አክስላው፣ በሽርጥና በተቀደደ ካናቴራ የሚዞር፣ ወሬው የማያልቅ ሰው። አመሻሽ ላይ እንድሪስ የደምሴን ቤት ደረጃ ስቶ በግንባሩ ሲደፋ ነገሩ ተነቃ።

«ይኼ ዳፍንት ነው» አለ ጋሽ ደምሴ ቁጭ ብሎ። «እኔን ልትደብቁኝ? እዚህ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ዓይናቸው ሲደክም ምን እንደሚጠጡ ታውቃላችሁ? የሻርክ ጉበት ዘይት። የአንዱ ሻርክ ጉበት ከበሬ ጉበት ይበልጣል።»

«ከየት ይገዛል?» አልኩት።

«አይገዛም፣ ይጠመዳል። እኔ አጠምደዋለሁ፤ ዘይቱን ለጀልባ እንጨት መቀቢያ ይወስዱልኛል።»

ጀልባ የለውም። የሚያጠምደው ከባሕሩ ዳር ቆሞ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጨው ማድረቂያው ወዲያ፣ ሰው የማይደርስበት ጠጣር አሸዋ አለ። መንጠቆው ክንድ ያክላል፣ ከመኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሚሸከመው የሞላ ብረት የተቀጠቀጠ። በሱ ላይ የፍየል አንጀት ወይም ትልቅ ዓሣ ይሰካል፤ መንጠቆው በካቦ ይታሰራል፣ ያ መኪና የሚጎተትበት የሽቦ ገመድ። ባሕሩ ሲሞላ፣ ውሃው ወደ ዳር ሲመጣ፣ ዋና የሚችል ሰው መንጠቆውን ወስዶ ይጥልና ይመለሳል። የካቦው ጫፍ ዳር ላይ ባለ ትልቅ ግንድ ይታሰራል። ሻርኩ ይውጣል፣ ይታገላል፣ ደክሞ ይሞታል፣ በማግስቱ ይጎተታል። ይኸው ነው ሥራው።

ተሳቢያችንን ወደብ በር ላይ ተራ አስይዘን፣ ጋሽ ደምሴን ጋቢና ጨምረን በመኪናዋ ሄድን። የመንግሥት መኪና ይዞ ዓሣ ማጥመድ ምን እንደሚባል ሦስታችንም እናውቃለን። ወደ ኋላ እያየሁ ነበር የሄድኩት። ባሕሩን ያን ያህል ቀርቤ ያየሁት ያን ቀን ነው። ውሃ እኔ የማውቀው ቦርከና ነው፣ ጉልበት ድረስ ገብተህ ልብስ የምታጥብበት፣ ማዶው የሚታይ። ይኼኛው ማዶ የለውም። ሲተነፍስ ይሰማል።

ጋሽ ደምሴ ግንዱን ትቶ ካቦውን የመኪናዋ ፓራውልት ላይ፣ ፊቷ ያለው መከላከያ ብረት ላይ አሰረው። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መንጠቆውን ጥሎ ተመለሰ። ብዙ አልቆየም። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ያ ሁሉ ብረት፣ ቆሞ ያለ መኪና፣ አንዴ ወደ ፊት ሰገደ። እኔ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ካቦው ተወጥሮ እየጮኸ ውሃውን ይከረክመዋል። ራቅ ብሎ ግራጫ ጀርባ ብቅ አለና ጠፋ።

«ሞቷል በለው» አለ ጋሽ ደምሴ እጁን እያሻሸ። «እንግዲህ ተኝተን እናድራለን፣ ጧት ሬሳውን እንጎትታለን።»

«ሬሳውን?» አለ እንድሪስ።

«አዎ፣ ሬሳውን።»

«ሳይባረክ የሞተ በክት ነው ጋሽ ደምሴ። እኔ በክት ዓይኔ ውስጥ አልጨምርም።»

ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለው። «ሰውዬ፣ ዓሣ አይታረድም። ሼሆቻችሁን ጠይቅ። እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁላችንም ከአንድ ሰሃን የምንበላው ሥጋ እሱ ብቻ ነው፤ በዓሣም ልትለየኝ ነው?»

«ዓሣ ሲሆን ነዋ። ይኼ ጥርስ አለው፣ ደም አለው፣ ሰው ይበላል። ይኼ አውሬ ነው።»

«አውሬ ከሆነ ብታርደውስ ምን ይጠቅምሃል?»

«ቢስሚላህ ይባልበታል። በቃ።»

ዛሬ ሐያት ብትሰማ በስልኳ ጠይቃ በአንድ ደቂቃ ትነግረን ነበር፤ የባሕር ዓሣ ሞቶም ሐላል ነው። ሰላም ባለበት አገር ሼህ ፈልጎ መጠየቅም ይቻል ነበር። እኛ ግን ደገኞች ነን። ደም ያለው ነገር ሁሉ ጉሮሮ አለው፣ ጉሮሮ ያለው ሁሉ ወደ ቂብላ ዞሮ ይባረካል፣ ከልጅነታችን የምናውቀው ይህንኑ ነው። እኔም በልቤ እንድሪስ ልክ ነው አልኩ። ሐራም ጠጥቶ የዳነ ዓይን ምን በረከት ይኖረዋል?

እንድሪስ መኪናዋን አስነሳና ወደ ኋላ መጎተት ጀመረ። ሻርኩ ይጎትታል፣ እሱ ይጎትታል። ሲረግብ ይስበዋል፣ ሲወጠር ይለቅለታል፤ መኪና ከጭቃ እንደማውጣት በትዕግሥት ነው የሠራው። ግን ጊዜው ሄደ። ያ አውሬ ጉልበት ድረስ በሚሆን ውሃ ላይ ሆዱ አሸዋ ነክቶ ሲተኛ ፀሐይዋ ከኋላችን ጋራው ጋ ደርሳ ነበር። ርዝመቱ ከእንድሪስ ይበልጣል፣ በጣም ይበልጣል። አፉን ከፍቶ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እንድሪስ ሸሚዙን አውልቆ ቢላዋውን ያዘ። ደጋግሜ ለመንኩት። «እንድሪስ፣ ሊመሽ ነው። አይታይህም።»

«ገና ነው፣ ይታየኛል።»

ሲዋሽ አውቀዋለሁ። ዓይኑን ማጥበብ ጀምሮ ነበር።

በጎን በኩል ዞሮ ገባ። አውሬው ራሱን ወደ እኛ ወደ ዳሩ አድርጎ ነው የተኛው፤ ቂብላ ግን በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ጭራውን ይዞ ሊያዞረው ወደ ባሕሩ ጥልቅ አለ። ለእሱ በሬ ነዋ፣ በሬ በጭራው ይዞራል። ጭራው አንዴ ተወራጨና እንድሪስ ከነቢላዋው ውሃ ውስጥ ጠለቀ። ሲነሳ ጀርባው ወደ ባሕሩ፣ ፊቱ ወደ እኛ ነው። አውሬው ራሱ ዞሮ አፉን ወደ ሰሜን አድርጓል፣ ከእንድሪስ እግር አንድ ርምጃ ቢቀረው ነው። ፀሐይዋ ጋራው ጀርባ ገባች። እንድሪስ እጆቹን ፊት ለፊት ዘርግቶ ቆመ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። ቤታችን በር ላይ ብርጭቆ ሲፈልግ እንደዚያ ነበር።

«ወደ ቀኝ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ደምሴ ከዳር። «ወደ ቀኝ ሂድ!»

እንድሪስ ወደ ቀኙ ሄደ። የጋሽ ደምሴ ቀኝ ግን የእንድሪስ ግራ ነው፣ ፊት ለፊት ነው የቆሙት። ወደ አፉ ሄደለት። ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የጨርቅ ድምፅ አይሳሳተኝም፤ የተቀደደው እኔ ራሴ በእጥፍ የሰፋሁት ካኪ ሱሪው ነው። ያንን ጨርቅ እንደ ወረቀት የቀደደ ጥርስ እግሩን ምን እንደሚያደርገው አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት የለም። ጉርዴን ወደ ላይ ሰብስቤ እየሮጥኩ ባሕሩ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ሞቃት ነበር፣ ይህ ነው ትዝ የሚለኝ። ቀዝቃዛ ይሆናል ብዬ ሞቃት ሆነብኝ።

ዞሬ ከጎኑ ደረስኩና ቀበቶውን ጨበጥኩ። ትከሻዬን ትከሻው ላይ ገጥሜ፣ እሱ ወደሚያይበት አቅጣጫ ፊቴን አዞርኩ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ነን። ቀኝህ ቀኜ ነው። ጋሽ ደምሴን አትስማው።»

«እሺ» አለ።

«ወደ ኋላ። ደግሞ ወደ ኋላ። እረፍ። አሁን ግራ… ግራ… ቀጥ። ጎኑ ፊትህ ነው። እጅህን ዝቅ አድርግ። የነካኸው ክንፉ ነው። ከክንፉ ወደ ቀኝ፣ አንድ ስንዝር። ጉሮሮው እዚያ ጋ ይተነፍሳል፣ ተሰማህ?»

«ተሰማኝ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

«ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለና ቢላዋውን ሰደደው። ውሃው እግራችን ሥር ጠቆረ። አውሬው አንዴ ዘለለና ሁለታችንንም ገፈተረን፤ ቀበቶውን አልለቀቅሁም። ስንነሳ ዝም ብሏል።

የእንድሪስ ባት ተሸርክቶ ነበር፣ አጥንቱ ግን ደህና ነው። ነጠላዬን ቀድጄ አሰርኩለት። ጋሽ ደምሴ ፋኖስ ለኩሶ የአውሬውን ሆድ ሲከፍተው ጉበቱ አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞላ። ከሥጋው ቆርጦ ሊጠብስ ሲል እንድሪስ እንዲያ እየደማ ፈገግ አለ። «እስላም ያረደውን ልትበላ ነው ጋሽ ደምሴ?»

«ዓሣ አይታረድም ብያለሁ» አለ ጋሽ ደምሴ። «ስለዚህ አንተ ያረድከው ነገር የለም።» ብሎ በላ።

ጉበቱን በበርሜል ክዳን ላይ አቅልጦ ዘይቱን በቆርቆሮ አደረገልን። ሽታው ነው እንግዲህ ባለፈው ጁምዓ አፌ ውስጥ የፈነዳው። እንድሪስ አፍንጫውን በጣቱ ይዞ፣ ጧትና ማታ በጭልፋ ይጠጣዋል፤ ከዚያ ሎሚ ይመጥጣል። ጋቢናው ሸተተ፣ ጉፍታዬ ሸተተ፣ ዳቦው ሸተተ። የመጫኛ ተራችን እስኪደርስ ሰነበትን። ማታ ማታ «እንዴት ነህ?» እለዋለሁ። «አላህ ያውቃል» ይለኛል፣ ከዚያ ሌላ አይናገርም። እኔም አላበዛም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ምንም ለውጥ የለም ቢለኝ ምን ልሆን እንደምችል ስለማላውቅ መጠየቁን ፈራሁት።

እህሉን ጭነን ከኮንቮዩ ጋር ተነሳን። በረሃው ላይ ሲመሽ እንደ ልማዴ መንገዱን ተናገርኩ፣ እሱም እንደ ልማዱ «እሺ» አለ። ሚሌ ላይ አንድ ወታደር ቆርቆሮውን ከፍቶ ምንድነው ብሎ አሸተተና ፊቱን አዙሮ እለፉ አለን። ባቲን አልፈን ኮምቦልቻ ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ቤቴ ታየችኝ፣ በሩ፣ ቁልፉ። እዚህ ያሳድሩናል ብዬ ጫማዬን አድርጌ ተዘጋጅቼ ነበር። የኮንቮዩ አዛዥ መጣና «ደሴ ላይ እህል እየተጠበቀ ነው፣ አሁኑኑ ውጡ» አለ። እንድሪስ አየኝ። «እዚህ ውረጂ ዘይነባ» አለኝ። «እግሬ ይቀር ይሆናል እንጂ አፌ እዚህ አይቀርም» አልኩት። በሩን ዘጋሁ።

ዛሬ ያን ዳገት በሚኒባስ ስወጣ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን እያየ ነው የሚወጣው። መንገዱ ሰፍቷል፣ ዳር ዳሩም ታጥሯል፣ ማንም ወደ ታች አያይም። ያኔ አጥር የለም፣ አስፋልቱ ተበልቷል፣ ገደሉ ከጎማው ይጀምራል። ሁለት ሦስት ጥምዝ ወጣን። ድንግዝግዝ አለ። «ቀኝ» አልኩ። «ቀኝ ያዝ… አሁን ግራ፣ ሰፊ ነው… ቀጥ…»

እሺ አላለኝም።

«እንድሪስ፣ ግራ።»

አዞረው፣ ግን አሁንም ዝም። ከዚያ ሳልነግረው ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ከነተሳቢዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመች። ታወረ፣ ጨርሶ ታወረ፣ ቀንም ማታም አለቀ ብዬ ጠመዝማዛው ላይ ሆኜ ሸሃዳ ያዝኩ። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ።

እሱ በመስኮቱ ወደ ታች እያየ ነበር።

«ያ መብራት ኮምቦልቻ ነው?» አለኝ።

ከታች፣ በጣም ከታች፣ እውነትም ኮምቦልቻ መብራት አብርታለች።

«ታየህ?»

ከመብራቱ ዓይኑን ወደ ራሱ ጎማ አመጣው። ጎማውን አየ። የተበላውን አስፋልት አየ። ባለፈው ዝናብ ወርዶ ገደሉ ሥር የተጋደመውን፣ አራት እግሩ ወደ ሰማይ ያለውን የመኪና ሬሳ አየ። እኔ በየጉዞው አልፈዋለሁ፣ ስለሱ ተናግሬ አላውቅም። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«በዚህ ነው ስታሳልፊኝ የከረምሽው?»

«በሌላ የት መንገድ አለ?»

«ይህን ሁሉ እያየሽ?»

«እያየሁ።»

«ድምፅሽ እኮ» አለ፣ «አንድ ቀን እንኳ ድምፅሽ…»

«የእኔ ድምፅ ከራደ ያንተ እጅ ይርዳል ብዬ ነው።»

ጥሩምባው በዛ፣ አንድ ወታደር ከኋላ እየሮጠ ሲመጣ በመስታወቱ ይታያል። እንድሪስ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ፈራሁ ዘይነባ» አለኝ። በዘመኑ ሁሉ ይህን ቃል ከአፉ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። «ማርሽ ማስገባት አቃተኝ። እባክሽ፣ እንደ በፊቱ ንገሪኝ።»

«ቀኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፄ እምቢ አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አምቄ የያዝኩት ፍርሃት ከሆዴ ተነስቶ መጣና በለቅሶ ፈነዳ። ጉፍታዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ብነክሰውም አልቆም አለ። እንድሪስ ዞር ብሎ ፊቴን አየ፣ በዚያ ድንግዝግዝ ዕንባዬን አየ። ከዚያ ምንም ሳይለኝ ማርሹን አስገባ። ራሱ «ቀኝ» እያለ፣ «አብሽሪ፣ አሁን ግራ ነው» እያለ፣ ጥምዙን አንድ በአንድ እየነገረኝ፣ እሱ እያየ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እያለቀስኩ ደሴ ገባን።